በሰው አገር ሆኖ የአገርን መስኮት ስለ መመልከት

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ይዞ ገንዳ ውሃ የደረሰ መንገደኛ ቀና ብሎ የቆርቆሮውን ጣራ ቢመለከት አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አንዳንዱ የቴሌቪዥን ሳሕን ወይም በተለመደው አጠራር ዲሹ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ደግሞ ወደ ምዕራብ አዙሮ ቆሟል። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ኢትዮሳት በተባለው አገልግሎት ከ2012 ዓ/ም ጀምሮ የአገራችንን ጣቢያዎች የሚያስተላልፈው ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ የዓረብና የሱዳን ጣቢያዎች የሚገኙበት ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያ ቆላ የባለቤቱ ልብ ወዴት እንደሚያይ ከጣራው ላይ ይታወቃል ለማለት ያስደፍራል፤ ነገር ግን ሁለቱንም ያቆመ ቤት ስለሚገኝ አባባላችን ሁልጊዜ አይሠራም።

ዛሬ በዚህ ገጻችን ልናነሣው ያሰብነው ነገር ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው በቤቱ ውስጥ የአገሩን ቴሌቪዥን ሲመለከት ለቤተሰቡ የሚያመጣለትን ጥቅምና ችግር ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል በመንግሥት መልእክት በውጭ አገር የተቀመጡ፣ ወይም ልጆቻቸውን ለትምህርትና ለሥራ የላኩ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ነገሩ ለማናችንም ቢሆን እንግዳ አይደለም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በጥቅምት ወር 1957 ዓ/ም በጀመረ ጊዜ፣ ከአገር የወጣ ሰው ቴሌቪዥኑንም ትቶ ይወጣ ነበር። ለናፍቆቱ የሚሆነው ደብዳቤ ነበረ፤ እርሱም በስንት ሳምንት ይደርስ ነበር። ዛሬ ግን ሳተላይት ያልደረሰበትን ኢንተርኔት ያደርስለታል። በዋሽንግተን ለተቀመጠ ሰው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ያለው ሳተላይት ከምድር ክበት በስተጀርባ ተሰውሮ ስለሚቀር፣ ጣራው ላይ ዲሽ ቢያቆም ምንም አይጠቅመውም፤ በኢንተርኔት ግን የአዲስ አበባን የማታ ሁለት ሰዓት ዜና በዚያችው ደቂቃ ይሰማዋል። በዚያ አገር ሰዓቱ እንደ ወቅቱ እኩለ ቀን ወይም ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነውና፣ እርሱ ምሳውን እየበላ ራት ለሚበላ ሕዝብ የሚነገረውን ያደምጣል። ሱዳንም በጥቅምት ወር 2010 ዓ/ም ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች፣ በመተማ ዮሐንስና በጋላባት መካከል ያለውን አጭር ድልድይ የተሻገረ ሰው ያንኑ ዜና በአንድ ሰዓት ቀድሞ ያገኘዋል። በአንድ ድልድይ ወዲህና ወዲያ ሁለት ሰዓት መኖሩ ያስቃል፤ ቆላው ግን ለምዶታል።

የዚህን ቴሌቪዥን ጥቅም ማንም አይክደውም። ከሁሉ የሚበልጠውም ጥቅሙ በባዕድ ቤት ውስጥ የአገርን ዘመን መቁጠሩ ነው። በውጭ አገር መስከረም 1 ቀን እንደ ማናቸውም የሥራ ቀን ነው፤ ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ አይልም። መስኮቱ ተከፍቶ አደይ አበባና የሚያዜሙ ልጃገረዶች ሲታዩ ግን የቤቱ እመቤት ተነሥታ ቄጠማ ባታገኝ እንኳ ጀበናዋን ትጥዳለች። እናትየዋ በአገር ቤት፣ ልጅቷ በዓረብ አገር ሆነው አንዱን የበዓል ዝግጅት በአንድ ጊዜ ይመለከቱና፣ ወዲያው በስልክ «አየሽው ልጄ?» «አየሁት እማ» ይባባላሉ። በዚያች ሰዓት ሁለቱ በአንድ ክፍል እንደ ተቀመጡ ይቈጠራል።

ነገር ግን ቴሌቪዥን አገርን ያሳያል እንጂ ቤትን አያሳይም። ከገንዳ ውሃ ሄዶ በሰው አገር የሚሠራ ልጅ ዘወትር የሚያየው የአዲስ አበባን አደባባይ ነው፤ የሰሊጡ ማሳና የትውልድ መንደሩ እምብዛም አይታዩትም። አንድ ቀን የዚያ ቆላ ስም በዜና የተጠራ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በችግር ነውና፣ ልጁ ስልኩን ያነሣል፤ ስልኩ ካልመለሰ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። ስልኩ ቢመልስም ወላጆች ያው «ደኅና ነን» ባዮች ናቸው። የእናቱን መክሳትና የአባቱን ዓይን መድከም የሚያወራለት ጣቢያ የለም። ስለዚህ ዜና አየሁ ብሎ ደብዳቤውንና ስልኩን ያስቀረ ልጅ ስለ አገሩ ሁሉን እያወቀ ስለ ቤቱ ምንም ሳያውቅ ይኖራል።

በልጆች በኩል ያለው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስለ ሆነ ጥቂት እንድንቆይበት ይፈቀድልን። ብዙ አባቶች ከሥራ ሲመለሱ የአገራቸውን ጣቢያ ከፍተው ይቀመጣሉ፤ ልጆቹ ሲንጫጩ ጊዜ «ዝም በሉ!» ይላሉ። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሕፃን አጥርቶ የሚያውቃት የመጀመሪያዋ የአማርኛ ቃል «ዝም በሉ» የምትለው ብትሆን አይደንቅም። አማርኛ ለርሱ አባቱን ከርሱ የሚወስድ ድምፅ ይሆንበታል። አባትየው ግን «ቀኑን ሙሉ በቤታችን አማርኛ ሲነገር ይውላል፤ እንዴት አይለምዱም?» እያለ ይገረማል። ቴሌቪዥን ይናገራል እንጂ መልስ አይጠብቅም፤ መልስ ያልተጠየቀ ሕፃንም ቋንቋውን ይሰማል እንጂ አይናገረውም። አንቱታ በተለይ በጆሮ ብቻ አይለመድም። በመልእክተኝነት ቆይተው የተመለሱ አንድ ቤተሰብ ልጃቸው ለሰላምታ የመጡትን ሽማግሌ «አንተ ማነህ?» ብሎ በመጠየቁ እናቱ ፊቷን የምትደብቅበት አጥታ እንደ ነበር አይተናል። ልጁ ባለጌ አልነበረም፤ «እርስዎ» የሚለው ሰው በቤቱ አልነበረውም እንጂ።

ሌላዋ እናት ያደረገችውን ግን እናመሰግናለን። ቴሌቪዥኑን በቀን ለግማሽ ሰዓት ብቻ ትከፍትና ከልጆቿ መካከል ተቀምጣ፣ «ይህ የለበሰው ምን ይባላል? ይህችን ሴትዮ ብታገኚያት ምን ብለሽ ሰላም ትያታለሽ?» እያለች ትጠይቃቸዋለች። ከተዘጋም በኋላ ያዩትን ለአያታቸው በስልክ ያወሩላቸዋል። አያቲቱም የልጆቹ አማርኛ ሲሰባበር እየሳቁ ያቃናሉ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ወገኖቻችን ነው። የገንዳ ውሃ ሰው ግን ነገሩን በሌላ በኩልም አይቶታል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ/ም ቅዳሜ ሹር ነበረች። በካርቱም የነበሩ ኢትዮጵያውያን ለፋሲካ ሲሰናዱ በከተማይቱ ጦርነት ተነሣ። በኦምዱርማን ያለው የሱዳን ቴሌቪዥን ሕንፃም በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት፣ ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ጋራ እጅግ ብዙ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ገቡ፤ ኩመርና አውላላ በተባሉት ስፍራዎችም መጠለያ ተዘጋጀ። ትናንት ወገኖቻችንን በእንግድነት የተቀበለ ሕዝብ ዛሬ በኛ አገር እንግዳ ሆኖ የአገሩን መስኮት የሚፈልግ ሆነ።

በገንዳ ውሃ አንድ ባለቤት ሁለት ልጆች ላሏት ሱዳናዊት አንዲት ክፍል አከራይተው ነበር። ቴሌቪዥኑ አንድ፣ ዲሹም አንድ ነው፤ ፊቱም ወደ ምሥራቅ። ሴትዮዋ ጥቂት ጊዜ ከቆየች በኋላ በተማረችው አማርኛ «ጋሼ፣ የኛንም አገር ማየት ይቻላል?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቱ የሁለት ሰዓት ዜናቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩና ለጊዜው ነገሩን በዝምታ አለፉት። ባለቤታቸው ግን ዲሽ ሠራተኛ አስጠርተው ሁለተኛውን ሳሕን ወደ ምዕራብ አስቆሙ።

መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ/ም የሱዳን ጦር የቴሌቪዥኑን ሕንፃ ማስመለሱ ተነገረ፤ ሥዕሉም መታየት ጀመረ። የሴትዮዋ ቤት ከዚያ ሕንፃ ብዙ የማይርቅ ኖሮ፣ ወደ መስኮቱ ተጠግታ ከወታደሮቹ ትከሻ በስተጀርባ ያለውን መንገድ ትፈልግ ጀመር። የተቃጠለ ግድግዳ ሲያልፍ ልጆቿ «እሱ ነው?» እያሉ ይጠይቋታል፤ እርሷም «ቆዩ» ትላለች። ሁለት ሰዓት ሞላ። ባለቤቱ ሪሞቱን አንሥተው ነበር፤ ሴትዮዋን ተመለከቱና ከወንበሩ አጠገብ መልሰው አስቀመጡት። ባለቤታቸውም ቡናውን ደገሙ፤ የዚያን ቀን ማታ የአዲስ አበባ ዜና በዚያ ቤት አልተከፈተም።