የጤና መድኅንና የሕክምና ወጪ፦ መዋጮው የተከፈለበት መድኃኒት በመደርደሪያው ላይ ሲገኝ

አንድ ቤተሰብ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ የጤና መድኅን አባል ከሆነ በኋላ በሕመም ጊዜ ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ምን ያህል ቀነሰለት? የሥርዓቱ ውጤት የሚለካው በተመዘገቡት አባላት ብዛት ብቻ ሳይሆን በዋናነት ለዚህ ጥያቄ በሚገኘው ምላሽ ነው።

በአገራችን የጤና መድኅን በሁለት መልክ እንዲደራጅ ታስቦ ተጀምሯል። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 በመደበኛው ዘርፍ የሚሠሩ ተቀጣሪዎችንና ጡረተኞችን የሚመለከት ሲሆን፣ ትግበራው ለዓመታት ዘግይቷል። ለአርሶ አደሩ፣ ለአርብቶ አደሩና በግሉ ሠርቶ ለሚተዳደረው የኅብረተሰብ ክፍል የተዘረጋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ግን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ተጀምሮ በርካታ ወረዳዎችን ለማዳረስ በቅቷል።

ሥርዓቱ ያስገኘው መሠረታዊ ለውጥ የክፍያውን ጊዜ መቀየሩ ነው። አርሶ አደሩ እህሉን በሚሰበስብበት ወቅት አነስተኛ መዋጮ ስለሚከፍል፣ ሕመም በድንገት ሲያጋጥመው በሬውን ለመሸጥ ወይም በአራጣ ለመበደር አይገደድም። መክፈል ለማይችሉ ወገኖችም መዋጮው ከመንግሥት በጀት ይሸፈናል።

ይሁን እንጂ አባሉ በካርድ ክፍልና በምርመራ ክፍል ሳይከፍል ካለፈ በኋላ የታዘዘለት መድኃኒት በጤና ተቋሙ ካልተገኘ፣ ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ገንዘብ ለመግዛት ይገደዳል። በዚህም ሕጉ ያነሳለት ወጪ በሌላ በር ተመልሶ ይመጣበታል። በተለይ ለደም ግፊትና ለስኳር ሕመም በየወሩ መድኃኒት ለሚወስዱ ወገኖች ጫናው ከባድ ነው።

የችግሩ ምንጭ የአቅርቦት እጥረት ብቻ አይደለም። የመድኅን ፈንዱ ለጤና ተቋሙ የሚከፍለው ሒሳብ ሲዘገይ ተቋሙ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጥረዋል፤ መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ ቅር ይሰኛል፤ ቅር የተሰኘው አባል ደብተሩን ሳያድስ ሲቀር ደግሞ ፈንዱ ይበልጥ ይመናመናል። አባልነቱ በፈቃደኝነት ላይ ሲመሠረት ጤነኞቹ ወጥተው ሕመምተኞቹ ብቻ የመቅረታቸው ስጋትም አለ። ፈንዱ በአንድ ወረዳ ብቻ ሲወሰን ጥቂት የሆስፒታል ሕክምና ወጪዎች ሊያናጉት ስለሚችሉ፣ ፈንዱን ከወረዳ ከፍ ባለ ደረጃ ማሰባሰብ አደጋውን ለብዙዎች ለማከፋፈል ያስችላል።

በመሆኑም ሕጉ ሕክምናን ለሁሉም በአቅም የሚገኝ እንዲሆን መንገዱን ከፍቷል፤ ከዳር የሚያደርሰው ግን አፈጻጸሙ ነው። ሒሳብ በወቅቱ ሊከፈል፣ የመድኃኒት ግዢ በትክክለኛ የፍላጎት ትንበያ ላይ ሊመሠረት፣ በተቋሙ ያልተገኘውን መድኃኒትም አባሉ ውል ከተገባባቸው መድኃኒት ቤቶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያገኝ ሊደረግ ይገባል። አባላትም ደብተራቸውን በወቅቱ በማሳደስ፣ ሕክምናቸውን ከጤና ጣቢያ በመጀመርና የሪፈራል ሥርዓቱን በመከተል፣ መድኃኒት ሲያጡም ለወረዳው ጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት በማሳወቅ የበኩላቸውን ሊወጡ ይገባል። የመዋጮው እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው በደረሰኙ ላይ በሰፈረው ቁጥር ሳይሆን፣ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው።