መኖ ነጋዴው ሐኪም ሲቀጥር

በቸኮላት ስሙ የታወቀው የአሜሪካው ማርስ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የውሻና የድመት ቀለብ ሲነግድ ከኖረ በኋላ፣ በ2017 ቪሲኤ የተባለውን የእንስሳት ሆስፒታሎች ድርጅት ከነዕዳው በ9.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በማግሥቱም ዓመት በአውሮፓ አኒኩራን፣ በእንግሊዝ አገር ሊኔየስን ሲጨምርበት፣ ቀለቡን የሚሸጠውና ቀለቡ ለእንስሳው መስማማት አለመስማማቱን የሚመረምረው ለአንድ ጌታ ያደሩ ሆኑ። ዛሬ የማርስ ንብረት የሆነውን ሮያል ካናንን በ1968 የመሠረተው ራሱ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ወደ ንግድ ገባ፣ አሁን ንግዱ ሐኪሙን ገዛው። በብሪታኒያ በ2013 ከመቶው ዐሥሩ ብቻ በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ የነበረው የእንስሳት ሕክምና ቤት፣ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ስድሳ በመቶ መድረሱን የአገሪቱ የገበያ ውድድር ባለሥልጣን ገልጿል።

ይህ ሁሉ በምሥራቅ ሱዳን፣ ከመተማ ማዶ ላለው ለገዳሪፍ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ በዚያ አገር ውሻ የበግ ጠባቂ እንጂ የቆርቆሮ ቀለብ ተመጋቢ አይደለምና። ነገር ግን እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሠራዊታቸው ማሽላ ለማምረት ሜዳውን በትራክተር ማሳረስ ከጀመሩ ወዲህ የግጦሹ መሬት እየጠበበ በመሄዱ፣ ከቡጣና ሜዳ በጎቹንና ግመሎቹን እየነዳ የሚወርደው አርብቶ አደር አዝመራው ከተነሣ በኋላ ከእርሻው ባለቤት ጋር በአገዳው ዋጋ ይከራከራል፤ አቅም ያለው ደግሞ ከከተማው የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ፋጉሎ ይገዛል። ስለዚህ መኖ በዚያም ባለቤትና ዋጋ ያለው ንዋይ ከሆነ ቆይቷል። ሐኪሙ ግን ብርቅ ነው። በገበያ ቀን ባለ 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ፀሐይ ላይ ውሎ ይሸጣል፤ መጠኑም የሚለካው በገዢው ግምት ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ መኖ ሻጩ ሐኪም ቀጥሮ ቢመጣ፣ እኔ በበኩሌ ከሚያባርሩት ወገን አልሆንም። የሚያሳስበኝ ስስቱ ሳይሆን የዐይኑ አጭርነት ነው፤ ጆንያው ከደረሰበት አያልፍምና፣ ቁጥቋጦ ለቅማ የምታድር ፍየል በመዝገቡ አትገኝም። በአትባራ ወንዝ አጠገብ ባለ አንድ የገዳሪፍ መንደር ተመራማሪዎች የካላዛርን ተውሳክ በውሾች ደም ፈልገው ሲያገኙ፣ ለዚያ ድካም ወጪውን የሚችል ቀለብ ነጋዴ ከየት ይገኝ ነበር?

በሽታ ደግሞ ደንበኛና ደንበኛ ያልሆነውን አይለይም። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት በ1881 ዓ.ም. ገደማ፣ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ከመቶው ዘጠና የሚሆነውን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ አመጣ። ያ መቅሠፍት በ2003 ዓ.ም. ከምድር ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው፣ ክትባቱ በመንግሥታትና በዓለም አቀፍ ማኅበራት ወጪ፣ በአፋር በረሓ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው እየሠለጠኑ እየከተቡ፣ ምንም መኖ ከማይገዛው መንጋ ድረስ ስለ ዘለቀ ነው። አሁን ተራው የበግና የፍየል ደስታ በሽታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ታቅዷል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት የሚያሳድደው ሕዝብ በገላባት በኩል ወደ መተማ ሲሻገር፣ የድንበሩን የከብት ምርመራና ክትባት ለትርፍ ፈላጊ መተው ሥርዐት አይደለም፤ በቢሾፍቱ የሚመረተው የእንስሳት ክትባት ቅዝቃዜው ሳይጓደል መተማ እንዲደርስ ማድረግ የመንግሥት ዕዳ ነው። የነጋዴው ሐኪምም ይምጣ፤ ነገር ግን የሚያዝዘውን መድኃኒትና መኖ በጽሑፍ ይስጥ፣ ባለከብቱም ወረቀቱን ይዞ ከወደደው ሱቅ ይግዛ።