ሳጥኑ ወደ እንጦጦ ወጣ

ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ልትገዛ የመጣች ልብስ አዋቂ እናት ከዋጋው በፊት ጀርባውን ገልብጣ ታያለች። የሸማኔ እጅ ያረፈበት ጥለት ከኋላውም ክሩ ይታያል። በማሽን የታተመው ግን ፊቱ ደምቆ ጀርባው ይደበዝዛል። ነጋዴው የቱንም ያህል ቢምልላት አትሰማውም። እኔ በዚሁ ሰፈር የዩኒቨርሲቲ ፍሬሽ ተማሪዎችን ፊዚክስና ካልኩለስ አስጠናለሁ፤ የሚያመጡልኝን የአሳይመንት ወረቀት እንደዚያች እናት መገልበጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ልጅ አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለው አሳይመንት ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ጨርሼዋለሁ፤ ብቻ እስኪ ይዩልኝ።" ጽሑፉ ያምራል፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። (እኔ ስርዝ ድልዝ የሌለበት የፊዚክስ ወረቀት ሳይ ነው የምጠረጥረው።) አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ 2 ኪሎ ግራም የሆነ ሳጥን 30 ዲግሪ ባዘነበለ ጣውላ ላይ ቆሟል፤ የስታቲክ ፍሪክሽን ኮኤፊሸንቱ 0.7 ነው፤ ሳጥኑን የያዘው የሰበቃ ኃይል ስንት ነው? ልጁ 0.7ን በ2፣ በ9.8 እና በ30 ዲግሪ ኮሳይን አባዝቶ 11.9 ኒውተን ብሏል። ከሥሩ ሁለቴ አስምሮበታል።

"ሳጥኑን ቁልቁል የሚጎትተውስ ስንት ነው?" አልኩት።

አሰላ። 2 ሲባዛ በ9.8፣ ሲባዛ በግማሽ። "9.8።"

"ሽቅብ የሚይዘው 11.9፣ ቁልቁል የሚጎትተው 9.8 ከሆነ ሳጥኑ ወዴት ይሄዳል?"

ዝም አለ። ሽቅብ ነዋ የሚሄደው! ማንም ሳይገፋው፣ በየሰከንዱ ፍጥነቱ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል እየጨመረ፣ ወደ እንጦጦ ይወጣል። ከ6 ኪሎ ወደኛ ሰፈር በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ የሚኒባስ ሾፌር ይህን ሳጥን ቢያገኝ ለነዳጅ መሰለፍ ይተው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ 11.9 የሰበቃው የአቅም ጣሪያ ነው። ሰበቃ ግን የተጠየቀውን ያህል እንጂ ያለውን ሁሉ አይሰጥም፤ ጎታቹ 9.8 ነውና የሚሰጠውም 9.8 ነው።

ልጁ ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠም። "ጋሼ፣ ክላሱ በሙሉ እኮ 11.9 ነው ያመጣው።" ክላሱ በሙሉ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነው ያወረደው። ፊዚክስ በድምፅ ብልጫ ሲወሰን ያየሁት ያን ቀን ነው።

"ዘመኑ የኢንተርኔት ነው፣ ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ አለ፣ ልጅ ዳታ ካለው ራሱን ያስተምራል" የሚለውን ወሬ ከወላጅም ከመምህርም እየሰማሁ ሰልችቶኛል። ስልኩ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው መልስ ነው። ወልፍራም አልፋም፣ ጥያቄውን በካሜራ አንስቶ የሚፈታው ፎቶማዝም፣ ከኅዳር 2015 ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲ መልሱን ከነደረጃው በደቂቃ ይዘረግፉታል። ቼግ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተማሪን የቤት ሥራ በክፍያ በመፍታት ይታወቅ ነበር፤ ተማሪው ወደ ቻትጂፒቲ እየሸሸበት መሆኑን በሚያዝያ 2015 ባመነ ማግስት የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ግማሽ ያህል ወረደ። ተማሪዎቹ ከእሱ ሲገዙ የኖሩት ምን እንደነበር ገበያው ነገረን።

ስልኩን ወርውሩት የምል ሽማግሌ ግን አይደለሁም። በተጨናነቀ ክፍል ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ፣ ቤቱም የሚጠይቀው ሰው የሌለው ልጅ፣ ካን አካዳሚን ማታ ከፍቶ ሊሚትን አሥር ጊዜ ደጋግሞ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ አላገኘነውም። ያን ቀን ራሱ የልጁን ስልክ አስከፍቼ "ሳጥኑ ቆሞ ሳለ ሰበቃው ከጎታቹ ኃይል ሊበልጥ ይችላል ወይ? እኔ 9.8 ነው ያገኘሁት" ብሎ ለቻትጂፒቲ እንዲጽፍ አደረግሁ። ልክ የሆነ ማብራሪያ መጣለት። ስልኩ ያው ስልክ፣ ዳታውም ያው ዳታ ነው። የተለየው መጀመሪያ ከቻናሉ ያወረደው የሌላ ሰው መልስ፣ ሁለተኛ የላከው የራሱን ጥርጣሬ መሆኑ ነው።

የቅኔ ቤት ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ እየሰማ ይሰብርበታል፣ ያቃናለታል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ "ይህን እንዴት አመጣኸው?" ሲባል መግቢያ ያጣል። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ግን ቆጠራውን ለቴሌግራም ሰጠ፣ ነገራውን ጭራሽ ተወው። ብዙው መምህር ሶሉሽን ማኑዋሉ በየስልኩ ከሚዞር መጽሐፍ፣ ከምዕራፉ መጨረሻ፣ ጥያቄ ቆርጦ ይሰጣል፤ የመጨረሻዋን መስመር እንኳ በቅጡ ሳያይ ከ10 ያርማል። ልጁ ምን አጠፋ? እኛ አስጠኚዎችም ንጹሕ አይደለንም። ደክሞኝ፣ "በቃ ጻፍ" ብዬ ሙሉውን ያስገለበጥኩበት ምሽት አለ፤ ሒሳቡንም ተቀብያለሁ።

የጨርቁን ጀርባ አገር አንዴ አይቶታል። ኩረጃን ለማስቀረት የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ቱ 3.2፣ በ2016ቱ 5.4። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ተመራቂው በመውጫ ፈተና 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለውም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቻናል የለም።

ያ ልጅ አራተኛውን ጥያቄ በራሱ ለመሥራት አንድ ሰዓት ፈጀበት። የቀሩትን ለመመለስ ጊዜ አልነበረውም፤ ማስረከቢያው ጠዋት ነበር። እንዳሉ አስረከባቸው። እሱም 10 አገኘ፣ ሳጥኑን ወደ እንጦጦ የሰደዱት ጓደኞቹም 10 አገኙ።

የምታርሙ መምህራን፣ ከአሥራ ሁለት ጥያቄ ሦስት ስጡ። ከክምሩ አምስት ወረቀት መዝዛችሁ ባለቤቶቹን ሰሌዳ ፊት ጥሩና "ከዚህ መስመር ወደዚህኛው እንዴት መጣህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ይበቃል።