ሠንጠረዡ ታቦት አይደለም

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል። አንድ ልጅ ፈተና ላይ ሂሊየምን ከቤሪሊየም በላይ፣ ግሩፕ 2 ውስጥ አስቀመጠ። «የሁለቱም ውጪኛ ሼል ሁለት ኤሌክትሮን ነው ያለው» አለኝ። ኤክስ አደረግኩበት።

ለካ ፈረንሳዊው ሻርል ዣኔም በ1928 እ.ኤ.አ. ሂሊየምን እዚያው አስቀምጦታል! ሠንጠረዡ ኤሌክትሮኖች ከሚሞሉበት ቅደም ተከተል ጋር ይገጥማል። እኛ ኒዮን ላይ የምናደርገው ከሌሎች ጋር ስለማይዋሃድ ነው። ጥሩ ምክንያት ነው፤ ግን ምርጫ ነው። ሜንዴሌቭ ራሱ በ1869 ግሩፖቹን ወደ ጎን ደርድሮ፣ በ1871 ወደ ታች አዞራቸው። እሱ የቀየረውን እኛ ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንሳለማለን።

መምህራን፣ «የት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «ለምን እዚያ?» በሉ።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ማርኩ ያንተ ነበር። ይቅርታ።