መተግበሪያው ለየትኛው ስልክ?

አዲስ መተግበሪያ ሲወጣ ለአንዱ ስልክ ተሠርቶ ለሌላው የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? ነገሩ ከዕውቀት ይልቅ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በጉግል ገበያ ለማውጣት 25 ዶላር አንድ ጊዜ መክፈል ሲበቃ፣ አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል። ዶላር ለቸገረው ወጣት ሠሪ፣ ባለአይፎኑም ጥቂት በሆነበት አገር፣ አይፎንን ማስቀረቱ አያስወቅሰውም።

የሚያስወቅሰው ሌላ ነው። በሮቤና በጎባ ገበያ የተዘዋወረ ሰው የብዙው ገበሬ ስልክ ባለ ቁልፍ መሆኑን ያውቃል። በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ «ዲጋሉ» የተባለውን ስንዴ በባሌ ሲመታ፣ ማስጠንቀቂያው በመተግበሪያ ቢላክ ኖሮ ለማን ይደርስ ነበር? በዚያው ዓመት የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የከፈተው 8028 ግን፣ ገበሬው በማናቸውም ስልክ ቁጥር እየተጫነ ምክሩን በአፋን ኦሮሞ ጭምር እንዲያዳምጥ ሆኖ ተሠራ፤ ማንበብ እንኳ አያሻውም። ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከመተግበሪያው ጋር ኮከብ 127 መሰላልን ይዞ ወጣ።

እንግዲህ መተግበሪያ የሚያሠራው ወጣት ሹም የባለጉዳዩ ስልክ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ለምን አይጠይቅም? እርግጥ ነው፣ አጭር ቁጥር ለማግኘት ከቴሌ ጋር መዋዋል ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚሸሹትም ይህንኑ ነው። ለመዋዋሉ ግን ከወጣቱ ሠሪ ይልቅ አቅሙ ያለው መሥሪያ ቤቱ ነው።