በፍርሃት የተቆረጠ ጥድ

በዘዳግም 22፥6-7 እግዚአብሔር ስለ ወፍ ጎጆ ሕግ መስጠቱን አስተውላችሁ ይሆን? እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳንወስድ ያዝዛል። ለወፍ ጎጆ የሚጠነቀቅ አምላክ ለእኛም ጎጆ ይጠነቀቃል።

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የጥድ ደኖች የሚኖር አንድ የግንደ ቆርቁር ዓይነት አለ። ጎጆውን የሚፈለፍለው በሕይወት ባለ፣ ዕድሜ ጠገብ ጥድ ውስጥ ነው፤ አንዱን ለመጨረስም ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። ካደጉት ወንዶች ልጆች አንዳንዶቹ ከወላጆቻቸው ሳይለዩ ታናናሾቻቸውን ይመግባሉ።

አሮጌዎቹ ጥዶች እየተቆረጡ ሲያልቁ ወፎቹም ተመናመኑ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሊጠፉ በተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ገቡ፤ በ1973 የወጣው ሕግም ጥበቃ አደረገላቸው። ሕጉ ግን ያልታሰበ መዘዝ አመጣ። ወፏ የሰፈረችበት ባለመሬት ጥዱን እንደ ልቡ መቁረጥ አይችልም። ስለዚህ እንጨት ሸጦ ቤተሰቡን ከሚያስተዳድረው መካከል አንዳንዱ፣ ወፏ ሳትመጣ ዛፉን ሳያረጅ ቆረጠው። ወፏን ጠልቶ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ማዘዝ እንዳይከለከል ፈርቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 በሰሜን ካሮላይና፣ ሳንድሂልስ በሚባል ስፍራ፣ በፈቃደኝነት የሚገባ ስምምነት ተጀመረ። ስሙ “ሴፍ ሃርበር” ነው፤ አስተማማኝ ወደብ ማለት ነው። በመጀመሪያ በመሬቱ ያሉት ወፎች ይመዘገባሉ፤ ባለመሬቱ ለእነዚያ ኃላፊነት ይወስዳል። ከዚያ ቁጥቋጦውን በጥንቃቄ በእሳት ሲያጸዳና ሰው ሠራሽ ጎጆ ሲያበጅ ወፎቹ ቢበዙ፣ በተጨመሩት ምክንያት አዲስ ግዴታ አይጫንበትም። እንጨቱንም መሸጥ ይችላል። ፍርሃቱ ሲነሣለት እጁን ዘረጋ። በመንግሥት ደኖችና በጦር ሠፈሮች ከተደረገው ጥበቃ ጋር ተዳምሮ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ 1,470 ገደማ የነበሩት የወፍ ቤተሰቦች ወደ 7,800 ደረሱ። በ2024ም መንግሥት የአደጋ ደረጃቸውን ዝቅ አደረገ።

በትዳርስ? አንድ ቀን ልብስ ያጠበ ባል “እንግዲህ ይህ ሥራ ያንተ ነው” ከተባለ በሁለተኛው አይነሣም። ደመወዝ የተጨመረላት ሚስት “እንግዲያው የቤት ኪራዩን አንቺ ቻይው” እንዳትባል ጭማሪውን ትደብቃለች። በፍቅር የተሰጠ ስጦታ ወዲያው ዕዳ ሲሆን፣ ሰው መልካሙን ነገር ሳያድግ ይቆርጠዋል።

በመሠዊያው ፊት የገባነው ቃል ኪዳን የተመዘገበ ነው፤ አይቀነስም። ከዚያ በላይ የሚጨመረውን ግን በምስጋና እንቀበል። ጳውሎስም ፊልሞናን ማዘዝ ሲችል፣ በጎነቱ ከፈቃዱ እንዲሆን ለመነው (ፊልሞና 14)።

ባልና ሚስት ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ተቀምጣችሁ እርስ በርስ ተጠያየቁ፦ “ዕዳ ይሆንብኛል ብለህ የተውኸው፣ ብለሽ የተውሽው መልካም ነገር አለ ወይ?” መልሱን ያለ ቁጣ ስሙ፤ ከዚያም አብራችሁ ጸልዩ።

ጌታ ጎጆአችሁን ይባርክ።