ሹፌሩን ከመስቀላችን በፊት ጭነቱን እንይ

አንድ ወዳጄ በሪሞት የምትነዳ፣ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የምታክል መጫወቻ መኪና ይዞ እንጦጦ ወሰደኝ። «ሮክ ክሮውለር» ይሏታል። እንደ ሌሎቹ አትሮጥም፤ ሥራዋ ቀስ እያለች ድንጋይ ላይ መውጣት ነው። ጣሪያዋ ላይ ፖርቶመጋላ አላት፤ በላዩ ትርፍ ጎማና ትንንሽ ጄሪካን ተደርድሯል። ታምራለች። ተዳፋቱን በጎን ልታቋርጥ ስትል ግን ተገለበጠች። አነሳናት። ደግማ ተገለበጠች።

«ቀስ አድርገህ ንዳት!» አልኩት። ሳቀብኝ። እሷ እኮ ከሰው እርምጃ በታች ነው የምትሄደው።

በሳምንቱ ተመለስን። ፖርቶመጋላውን ከነጭነቱ አውልቆታል። ከፍ ብሎ ተቀምጦ የነበረውን ባትሪ ወደ ፊት ገፍቶ ሻንሲው ላይ ዝቅ አድርጎ አስሮታል። ቸርኬዎቹ ውስጥና አክስሉ ጫፍ ላይ የናስ ክብደት ጨምሯል። ጎማዎቹን ወደ ውጭ አውጥቶ የግራና የቀኙን ርቀት አስፍቷል። ያቺው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ያው ተዳፋት፣ ያው ነጂ። እያዘገመች አለፈች።

ልብ በሉ፤ ክብደቷ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የተቀየረው ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

«የአገር ጉዳይ ሞልቶ ስለ መጫወቻ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጉዳዩ የአገር ነው። መኪና በተገለበጠ ቁጥር የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው፤ ፍጥነት፣ የአሽከርካሪ ጥንቃቄ ጉድለት፣ የሟቾች ቁጥር። አለቀ። አይሱዙን «አልቃይዳ» ብለን ስም ያወጣንለት እኛው ነን። ስሙ የሚናገረው ስለ ሹፌሩ ጠባይ ነው። ካሶኒው ላይ እስከ ሰማይ ስለተከመረው ከሰል ግን ማንም ቅጽል ስም አላወጣም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 1.6 ሜትር ይሁን። የመኪናውና የጭነቱ የክብደት ማዕከል ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ መኪናው ቆሞ እያለ በጎን የሚገለበጠው ተዳፋቱ 45 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ማዕከሉ 1.2 ሜትር ላይ ከወጣ 34 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። 1.6 ሜትር ከደረሰ ደግሞ 27 ዲግሪ አይሞላም። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በእውነቱ ዓለም ባሌስትራው በታችኛው በኩል ይረግባል፣ ጭነቱም ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከዚያም ባነሰ ይገለበጣል።

«የእኛ አስፋልት 30 ዲግሪ በጎን አይዘነብልም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። መታጠፊያ ግን ተዳፋት ነው፤ መኪናውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ማዕከሉ ከ80 ሴንቲ ሜትር ወደ 1.2 ሜትር ሲወጣ፣ መታጠፊያ ላይ ሊገለብጥ የሚችለው ፍጥነት ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ዝቅ ይላል። ዓባይ በረሃን ባዶውን በሰላም የወረደ ሹፌር፣ በማግስቱ በዚያው ፍጥነት ተጭኖ ሲወርድ ሊገለበጥ ይችላል። እኛ «አበደ» እንላለን። ያበደው ጭነቱ ነው።

የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2001 ሞዴል ጀምሮ መኪኖችን በመገልበጥ አደጋ ሲመዝን የተነሣው ከዚሁ ሒሳብ ነው፤ የጎማዎቹ ስፋት ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ሲካፈል። ምሥጢር አይደለም።

ባጃጅን እንይ። መሠረቷ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጠባቡ ጫፍ ከፊት። ክብደት ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የቆመችበት ስፋት ይጠባል። እኛስ ትርፍ ሰው የት ነው የምንጭነው? ከሹፌሩ ግራና ቀኝ! ሊጫን ከማይገባው ቦታ ሁሉ የከፋው ላይ።

በጭነት መኪና የሚጫን ሰው ደግሞ ከከሰልም ይብሳል። ቆሞ ስለሚሄድ ክብደቱን ከፍ ያደርጋል፣ መታጠፊያ ላይም ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና ሰው የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው አለቀ። የዚያን አደጋ መንስኤ እዚህ ቁጭ ብዬ አልፈርድም። ሰው ካሶኒ ላይ ቆሞ መሄዱ ግን ዛሬም አልቀረም።

መንገድ ላይ የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያ አለን። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሚዛኑ የሚነግረን አክስሉ ስንት ቶን እንደተሸከመ ነው፤ ይህ አስፋልቱን ያተርፋል። ጭነቱ ስንት ሜትር ላይ እንደተቀመጠ ሚዛን አይናገርም። የወዳጄ መኪና ከብዳም ቆማለች። ቀላል ሆኖ ከፍ ያለ ጭነት ሚዛኑን አልፎ ገደል ሊገባ ይችላል።

የሚቸኩል ሹፌር የለም እያልኩ አይደለም። ጫት ቅሞ የሚበር አለ፣ ፍሬን ሳያስፈትሽ የሚወጣ አለ። ይጠየቅ። ግን ብቻውን ለምን ይጠየቃል? ያስጫነው ነጋዴ የት አለ? «አንድ ረድፍ ጨምር» ያለው ባለንብረት የት አለ? ትርፉን የሚያገኙት እነሱ ናቸው፤ እስር ቤትና መቃብር የሚገባው ሹፌሩና ረዳቱ ነው። ተሳፋሪውም ካሶኒ ላይ የሚወጣው ወድዶ አይደለም፤ አውቶቡስ ስለሌለው ነው።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። የአደጋ ሪፖርት ሲጻፍ ጭነቱ ምን እንደነበር፣ የት እንደተቀመጠና ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይመዝገብ። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይጫን፤ ሁሉም በደንብ ይታሰር። ከባጃጅ ሹፌር ጎን ሰው አይቀመጥ። ጭነቱ ሲያጋድል ባለንብረቱም ክስ መዝገቡ ላይ ይግባ። የገጠር ቅዳሜ ገበያ ደግሞ አውቶቡስ ይመደብለት።

ወዳጄ መጫወቻው እንዳትገለበጥበት የጣሪያዋን ጌጥ አውልቆ ጣለ። የእሱ መኪና ውስጥ ሰው የለም።